«ዝንባሌ» ከ«ዝናብ» አልመጣም

ለትምህርት ቤታችን የአማርኛ ክበብ መጽሔት «ዝንባሌ» ስለሚለው ቃል ትርጉምና ምንጭ አንድ ገጽ እንድጽፍ ተጠየቅሁ።

ትርጉሙን በአንድ ማታ ጨረስኩ። ቡና ስንቀዳ ጀበናውን ዘንበል እናደርጋለን። ፀሐይም ከቀትር በኋላ ዘንበል ትላለች። ልብም እንዲሁ ወደሚወደው ያዘነብላል። «ልጁ የሥዕል ዝንባሌ አለው» የምንለው ለዚህ ነው።

የተበላሸው ምንጩ ላይ ነው። አንድ የማከብራቸው ባልደረባዬ «ከዘነበ ነው እንጂ! ዝናብ ነፋስ ሲያገኘው ያዘነብል የለ?» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ሳላጣራ ጻፍኩት። እስከ ዛሬ ሳስበው ያበሽቀኛል።

ፊደል መቁጠር ብቻ ይበቃ ነበር። ዘነበ ሦስት ነው፣ ዘነበለ አራት። ያ «ለ» ከየት መጣ? አልጠየቅሁም። ደግሞም የዝናብ «ብ» ራሷ ጥንት «ም» ነበረች። ግእዙ ዘንመ፣ ዝናም ነው የሚለው። አያቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው «ዝናም መጣ፣ እህሉን አስገቡ» ይሉ ነበር። በጆሮዬ እየሰማሁ ያደግሁትን ነው የዘነጋሁት።

ግእዝ ለማዘንበል ሌላ ቃል አለው። በስቅለት «አጽነነ ርእሶ» የሚለው በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ራሱንም አዘንብሎ» ነው። ትርጉሙ አንድ፣ ሥሩ ሌላ።

መምህራን «መጀመሪያ መዝገበ ቃላት ክፈት» ይላሉ። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ ቃሉን ከእኩዮቹ ጋር አሰልፉት፦ ደነገጠ ድንጋጤ፣ ገነዘበ ግንዛቤ፣ ዘነበለ ዝንባሌ። ሥሩ ወዲያው ይታያል። መዝገበ ቃላቱ ከዚያ በኋላ ይድረስ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት የምትከፍቱ ደግሞ የፊደሉ ተራ አበገደ (አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ የሚሄደው) መሆኑን እወቁ። እኔ በሀለሐመ ስፈልግ ግማሽ ቀን አለቀብኝ፤ የነገረኝም ሰው አልነበረም።

እርማት እንዲወጣልኝ አዘጋጁን ለመንኩት። «ለአንድ ቃል ብለን ገጽ አናባክንም» አለኝ። ባለፈው ወር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጠዋት ሰልፍ ላይ ያንን ስህተት በድምፅ ማጉያ አነበበችው። ተጨበጨበላት። በማግስቱ ክፍላቸው ገብቼ ዘነመንና ዘነበለን ጎን ለጎን በጠመኔ ጻፍኩላቸው።