አርጎን እምቢ ያለ ዕለት

ደሴ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንዷ የማስተርስ ተማሪዬ ሴሚናሯ ሲቃረብ ላፕቶፗን ይዛ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ አርጎን ጋዝ ለዚህ ማሽን አይሆንም ብዬ ልደመድም ነው» አለችኝ።

ማሽኑ ፕላዝማ ፎከስ ነው። እኛ ጋ የለም። የምንሠራው ማሌዥያዊው የፊዚክስ ሊቅ ሲንግ ሊ ባዘጋጁት፣ ማሽኑን በኮምፒውተር በሚያስመስለው፣ በኤክሴል በሚሄደው የሊ ኮድ ነው። የመረጠችውም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለታዳጊ አገሮች ቤተ ሙከራ ታስቦ የተሠራውን ባለ 3 ኪሎ ጁል መሣሪያ ነው። አሠራሩ በጣም ነው ደስ የሚለው። 30 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር በ14 ኪሎ ቮልት ይሞላል። ሲለቀቅ ጋዙ ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁበት ትኩስ ጋዝ፣ ይሆናል። ከረንቱ ያንን የፕላዝማ ሽፋን መሃል ባለው ዘንግ፣ በአኖዱ፣ ዙሪያ እየገፋ ጫፍ ያደርሰዋል። እዚያ ሲደርስ ወደ መሃል ይጨመቃል። ይሄ ፒንች ይባላል፤ በከረንቱ ግራፍ ላይ ስርጉድ ብሎ ይታያል።

የዲዩቴሪየሟ (የከባዱ ሃይድሮጅን) ግራፍ ላይ ስርጉዱ ጥርት ብሏል። የአርጎኑ ግን ወጥቶ የሚወርድ ልሙጥ ጉብታ ብቻ ነው።

የሞላቻቸውን ቁጥሮች አየሁ። የጋዙ ግፊት በሁለቱም 4 ቶር ነው (ቶር የግፊት መለኪያ ነው)።

«ለምን አልቀየርሽውም?»

«ለማነጻጸር እኩል መሆን አለበት ብዬ ነው፣ መምህር።»

ሐሳቧ ክፉ አይደለም። ግን ሙቀታቸው አንድ ከሆነ፣ እኩል ግፊት ማለት እኩል የቅንጣት ብዛት እንጂ እኩል ክብደት አይደለም። የዲዩቴሪየም ሞለኪውል 4 ነው፤ የአርጎን አቶም 40። ጭነቱ አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የሐረጎን ዳገት ባዶውን የሚወጣ ሲኖትራክና ጢም ብሎ የተጫነ አንድ አይደሉም። የአርጎኑ ሽፋን ጫፍ እስኪደርስ ከረንቱ ደክሟል።

ግፊቱን 0.4 ቶር አደረገችው። (የደሴ አየር ራሱ 560 ቶር ገደማ ነው። ማሽኑ ቢኖረን የቫክዩም ፓምፑ ሥራ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት።) ስርጉዱ ብቅ አለ! የፒንቹ ሙቀት ግን አሁንም ዝቅ ያለ ነው። ይሄኔ መብራት ጠፋ። የላፕቶፗ ባትሪም የሞተ ነበር።

«አብሽሪ፣ በወረቀት እንየው» አልኳት።

ስለ አርጎን ለኮዱ የሰጠቻቸውን ጻፈች፦ 40፣ 18፣ 2። የመጀመሪያው ክብደቱ፣ ሁለተኛው የአቶም ቁጥሩ ነው። እርሳሷ 2 ላይ ቆመ።

«መምህር! አርጎን እኮ ብቻውን ነው የሚኖረው!»

ልክ ነበረች። ሦስተኛው ቁጥር አንዱ ቅንጣት ስንት አቶም እንደያዘ ይናገራል። ዲዩቴሪየም ጥንድ ስለሆነ 2 ነው። አርጎን ላይ 2 ከተባለ ኮዱ በዚያው ክብደት ውስጥ እጥፍ አቶም ይቆጥራል። ጉልበቱ ለብዙ ይከፋፈልና ሙቀቱ ይወርዳል። ከዲዩቴሪየሙ ስትገለብጥ ያለፋት እሱ ነው።

መብራት ሲመጣ 1 አደረገችው፤ ሙቀቱ ተስተካከለ። ከዚያ እኔን የበለጠ ደስ ያለኝ መጣ፦ የአርጎኑ ፒንች ከዲዩቴሪየሙ ቀጥኗል። ዲዩቴሪየም ያለውን አንድ ኤሌክትሮን ከጣለ በኋላ የሚመጣው ጉልበት ሙቀት ሆኖ መልሶ ይገፋል። አርጎን ግን 18 ኤሌክትሮን አለው። እነሱን ለመንቀል ብዙ ጉልበት ይበላል፤ ሌላውን በጨረር ያወጣል። መልሶ የሚገፋው ስለሚያንስ የበለጠ ይጨመቃል።

ሴሚናሯ ላይ «አይሆንም» የሚለው ቀርቶ ይሄ ቀረበ። አንድ ልጅ ክሪፕተንስ ብሎ ጠየቃት። ዞር ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችለት፦ 84፣ 36፣ 1። «ግፊቱን ደግሞ ከአርጎኑ በግማሽ ቀንስ» አለችው።