ማዳበሪያ ባለው አፈር ላይ ዩሪያ ጨምሬ ያቃጠልኳቸው ጄራኒየሞች

ማዳበሪያ ተቀላቅሎበት በከረጢት የሚሸጠውን አፈር ገዝታችሁ ጄራኒየም ወይም ፔቱኒያ ልትተክሉ ከሆነ፣ መጀመሪያ ዩሪያውን ከቤት አውጡት። ይህን የሚነግረኝ አጥቼ ደሴ ላይ ከ9 ጄራኒየም 2ቱን ገድያለሁ። የተረፉትም የዚያን ዓመት መስከረም ያለ አበባ አለፋቸው።

አተከላው ቀላል ነው። ባለ 5 ሊትር የቀለም ባልዲ በደንብ ይታጠባል፣ ታቹ በጋለ ምስማር 6 ቦታ ይበሳል፣ አፈሩ ከአፉ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሞላል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ተክዬ በረንዳው ላይ ከቆርቆሮው ሥር ደረደርኳቸው።

አፈሩ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ቢጫ ድቡልቡሎች የነፍሳት እንቁላል ነው ብሎ የሚለቅም ሰው አለ። ማዳበሪያ ናቸው። ስስ ሽፋን አላቸው፤ ውሃ ገብቶ ውስጡን ያሟሟዋል፣ የሟሟው ቀስ እያለ ይወጣል። ፍጥነቱን የሚወስነው በዋናነት ሙቀቱ ነው። ከረጢቱ ላይ «ከ3 እስከ 4 ወር» የሚለው ብዙ ጊዜ 21 ዲግሪ አካባቢ ላለ አፈር የተሰላ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቅጠሉ ገረጣ። የደሴን ሐምሌ የሚያውቅ ምክንያቱን አያጣውም፦ አፈሩ ቀዝቅዟል፣ አይደርቅም፣ ሥሩ ደክሟል። ምግቡ ባልዲው ውስጥ ሞልቷል፤ ሥሩ ነው መሳብ ያቃተው። ውሃውን ማቆምና ባልዲዎቹን ብርሃን ወዳለበት ማዞር ይበቃ ነበር። የግብርና ግብዓት ሻጩ ግን «እህቴ፣ ሲገረጣ ርቦት ነው፤ አንዳንድ ማንኪያ ዩሪያ ጣል አድርጊበት» አለኝ። በምን አፈር እንደተከልኩ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው።

እንዳለኝ ለእያንዳንዱ ባልዲ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨመርኩ፤ ሒሳቡን የሠራሁት ከጥፋቱ በኋላ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ 4 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 46 በመቶው ናይትሮጂን ስለሆነ 1.8 ግራም ይሆናል። ከተዘጋጀው አፈር ጋር የመጣው ማዳበሪያ ለ5 ሊትር 3 ግራም አካባቢ ናይትሮጂን የሚሰጠው በወራት ነው። ስለዚህ የሁለት ወር ቀለብ በአንድ ቀን ደፋሁበት፤ ያውም በነበረው ላይ። ለማሳ ሲመከር የኖረውን በሔክታር 100 ኪሎ ብንወስድ እንኳ ለካሬ ሜትር 10 ግራም ነው። አፉ 25 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ባልዲ ሲካፈል ግማሽ ግራም ይደርሰዋል። እኔ ስምንት እጥፉን ሰጠሁት። የማሳን ምክር በማንኪያ የሚተረጉም ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል።

በአራተኛው ቀን የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆነ። በሳምንቱ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ጠወለገ፤ ባልዲውን ስትጠጉት የሽንት ቤት ሽታ አለው፣ ዩሪያው ወደ አሞኒያ እየተለወጠ ነውና። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ወጣ። በአፈሩ ውስጥ የበዛው ጨው ውሃውን ስለሚይዘው ሥሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ይህን ያላወቀ «ውሃ ጠምቶታል» ብሎ አንድ ኩባያ ይጨምራል። አንድ ኩባያ ደግሞ ጨውን አያወጣም፣ ያሟሟዋል እንጂ።

እኔም አንድ አንድ ሊትር አጠጣሁና ወጥቶ ከታች ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ሳልደፋ ተውኩት። አፈሩ መልሶ ጠጣው። አጥቦ ለማውጣት የባልዲውን ሁለት እጥፍ ውሃ ያስፈልጋል፤ ለ5 ሊትር 10 ሊትር፣ በሦስት ዙር፣ በየመሃሉ ግማሽ ሰዓት እየጠበቁ፣ ሳህኑ ተነሥቶ። ለ9 ባልዲ 90 ሊትር፣ አራት ጀሪካን ተኩል ማለት ነው። ደሴ ላይ ለአበባ ይህን ያህል የቧንቧ ውሃ መድፋት ያስወቅሳል፤ ከአሸንዳ በበርሜል የተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ይሻላል፣ ጨውም የለውም ማለት ይቻላል። ሥራቸው ቡናማ ሆኖ የላሸቀውን ሁለቱን ነቅዬ 2 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ የበሰለ ኮምፖስት ላይ ተከልኳቸው። አልዳኑም። በጣም ዘግይቼ ነበር።

ከታጠበም በኋላ ድቡልቡሎቹ መልቀቃቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ያገገመ ተክል አዲስ ቅጠል አወጣ ተብሎ «ማጠናከሪያ» አይሰጠውም። ከዚያ ሁሉ ናይትሮጂን ያተረፍኩት ቅጠል ብቻ ነው፦ ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ እምቡጥ አልባ።

በጠርሙስ የሚሸጠው ፈሳሽ ማዳበሪያ ላይ «በየሳምንቱ» ተብሎ የሚጻፈውን ለዚህ ዓይነት አፈር አልቀበለውም። ደሴ ላይ አራት ወር ምንም አልሰጥም። በሐረጎ ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ፣ በተለይ ፀሐይ በሚመታው ጥቁር ባልዲ፣ ቶሎ ያልቃል፤ ከሁለት ወር ተኩል ጀምሮ መፈተሽ ነው። ፍተሻው በጣት ነው፦ አምስት ስድስት ድቡልቡል ቆፍሮ መጭመቅ። እርጥብ ነገር ከወጣ ገና አለ፤ ባዶ ቅርፊት ከሆነና ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ከሆኑ አልቋል። ያኔ 20-20-20 የሚባለውን (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም እኩል ያለበት) ማዳበሪያ አንድ የሻይ ማንኪያ በ10 ሊትር በጥብጬ በየ15 ቀኑ፣ አስቀድሜ በንጹሕ ውሃ ባረጠብኩት አፈር ላይ።

ኤንፒኤስ (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለው የማሳ ማዳበሪያ) አበባ ያመጣል የሚሉም አሉ። ፎስፈረሱ ከፍተኛ ነው፣ ፖታሲየም ግን የለውም፤ ፎስፈረስ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ ቀድሞ አለ። የተረፈኝን ዩሪያ ለጎረቤቴ ጎመን መደብ ሰጥቻለሁ፣ ስንት ግራም እንደሆነ ከነሚዛኑ።