«ጾም ላይ ነበርኩ» ያልኩት ቀን

ባለፈው ዓመት ፍልሰታን ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ ገባሁ። ስለት ነበረብኝ። እውነቱን ለመናገር ቦርጭም ነበረብኝ። ለነፍሴ የሄድኩትን ያህል ለሱሪዬም ሄጃለሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

ጉዞው ቀላል ነው። ከደብረ ብርሃን በጠዋት መኪና ተሳፍሬ በሰላ ድንጋይ በኩል ገባሁ። የአያቴን በርኖስ፣ ትንሽ በሶና የሽምብራ ቆሎ ይዣለሁ። ከመሄዴ በፊት ፋርማሲ በር ላይ ተመዝኜ 81 ኪሎ ነበርኩ። የንስሐ አባቴ «ልጄ፣ አቅምህን እወቅ። ማታ ማታ ሽምብራዋን እንዳትተው» ብለውኛል። 6 ቀን ሰማኋቸው። ከነሐሴ 7 እስከ 15 ግን ከጠበል በቀር አፌ የገባ ነገር የለም። 9 ቀን። ማንም አላዘዘኝም። አጠገቤ የተኛ ልጅ ምንም ሳይቀምስ 4 ቀን መቆየቱን ሲያወራ ሰምቼ እልህ ያዘኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አይወሩም። ራሴን ያመኛል፣ የሚያስል ሰው ሁሉ ያናድደኛል። ምክንያቱ የገባኝ በኋላ ሳነብ ነው። ጉበት የሚያስቀምጠው ስኳር 100 ግራም ገደማ ሲሆን በአንድ ቀን አካባቢ ያልቃል። አንጎል ደግሞ ብቻውን በቀን ወደ 120 ግራም ግሉኮስ ይፈልጋል። ጎተራው ሲራቆት ሰውነት ጡንቻውን እያፈረሰ ስኳር ይሠራል። እንዲህ እስከ መጨረሻው አይዘልቅም። ስለዚህ ጉበት ስቡን ወደ ኪቶን መለወጥ ይጀምራል፤ አንጎልም ቀስ በቀስ በኪቶን መኖር ይለምዳል። ያኔ የጡንቻው ፈረሳ ይቀንሳል።

በአራተኛው ቀን ረሃቡ ጠፋ። ጭንቅላቴ ቀለለኝ። አፌ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸት ጀመር፤ አሴቶን ነው፣ ከኪቶን የሚወጣ። እኔ ግን ጸጋ መስሎኝ ነበር። የበረከቱን ነገር ለባለቤቷ ልተወው። ሽታው ግን የስብ ነው።

ቀጥሎ ብርዱ መጣ። ነሐሴ እዚያ አገር ምን እንደሚመስል የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቀዋል። የእኔ ግን ከውስጥ የሚመጣ ብርድ ነበር። በርኖሱ ላይ ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ። የልብ ምቴን በስልኬ ሰዓት ይዤ ስቆጥር በደቂቃ 48 ነው። ሰውነት ወጪ ሲቀንስ እንዲህ ያደርጋል፤ ሥራ ላይ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ይወርዳል፣ ልብ ይዘገያል፣ ሙቀት ይቆጠባል። በ1944 እና 1945 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለስድስት ወር ገደማ በጎደሎ ቀለብ አቆይቷቸው ነበር። የአገራቸው ሐምሌ ሙቀት ነው፤ እነሱ ግን ይበርዳቸው ነበር። በእረፍት ሰዓት ሰውነታቸው የሚያቃጥለው በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

እስከዚህ ድረስ ኮርቻለሁ። አልዋሽም፣ ዛሬም ትንሽ እኮራለሁ። ሰውነቴ መራብ ያውቅበታል። የማላውቅበት እኔ ነኝ፣ ያውም መብላቱን።

ነሐሴ 16 ቤት ገባሁ። ሚዛኑ 71 ተኩል አለኝ። እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራለች። ዶሮ ወጥ፣ ድፎ ዳቦ፣ ብርዝ፣ ጠላ። ሳየው እንባዬ መጣ። «አጥንትህ ቀረ እኮ! በሞቴ ብላ!» እያለች ታጎርሰኛለች። በላሁ። ብርዙን እንደ ውሃ ጠጣሁት። ማታም ደገምኩ። በማግስቱም።

በሦስተኛው ቀን እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ጣቶቼን ይነዝረኛል። ልቤ ትርገበገብና ትቆም ይመስለኛል። ከመኝታ ቤት ሽንት ቤት ሄጄ መመለስ ዳገት ሆነብኝ። ወንድሜ ባጃጅ ጠርቶ ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰደኝ። ስሙን አልናገርም።

ካርድ ለማውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ተሰለፍን። ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ስንደርስ «ምሳ ሰዓት ነው፣ ከሰዓት ኑ» ተባልን። ግድግዳ ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ሠራተኛ «እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው» አለችኝ። ይህችን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ዋናው ጥፋት ግን እዚያ አይደለም። ሐኪሙ «ምግብ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ጾም ላይ ነበርኩ» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና ጻፈ። እሱ የሰማው ሽሮ ነው! እኛ ዘንድ ጾም ማለት ሥጋና ወተት መተው ነው፤ ጾም ላይ ነበርኩ የሚል ሰው በቀን ሁለት እንጀራ በልቶ ሊሆን ይችላል። «9 ቀን እህል አልቀመስኩም» ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ መሰለኝ። እሱም ስንት ቀን፣ ምን ምን ብሎ አልጠየቀም። ውጤቱ ሲመጣ ታይፎይድ ተባልኩ፤ መቼም ደክሞት ሄዶ ታይፎይድ ያልተባለ ሰው አላውቅም። «ለድካሙ» ተብሎ ግሉኮስ ተሰቀለልኝ።

ግሉኮሱ ሲወርድ ልቤ ባሰባት። ለወንድሜ ልናገር ፈልጌ ቃሉ አልወጣ አለኝ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ተረኛ ሆና የገባች ሲስተር እግሬን በጣቷ ጫን አድርጋ ጎድጉዶ ሲቀር አየች። «ወንድሜ፣ ስንት ቀን ነው ሳትበላ የቆየኸው?» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የጠየቀኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ነገርኳት። ግሉኮሱን ዘጋችውና ተረኛ ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች።

ፖታሲየም ይታይ ተባለ። ኬሚካሉ አልቋል። ወንድሜ የደሜን ብልቃጥ ኪሱ ከቶ በሌሊት ክፍት የግል ላቦራቶሪ ፍለጋ ከተማውን ዞረ። ውጤቱ 2.6 ነበር፤ ከ3.5 መውረድ አልነበረበትም። ፎስፈረስ የሚመረምር አልተገኘም። ፖታሲየምና ቫይታሚን ቢ1 ጀመሩልኝ፤ ምግብ በትንሽ በትንሹ ሆነ።

ሲስተር ነገሩን ያወቀችው በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል ሠርታ ስለነበር ነው። እዚያ የመነመነ ልጅ ሲመጣ ወዲያው በምግብ አያጥለቀልቁትም። መጀመሪያ ኤፍ-75 የሚባለውን ቀላል ወተት በጥቂት በጥቂቱ፣ ሲረጋጋ ኤፍ-100። በረሃብ ጊዜ ኢንሱሊን ይተኛል፤ በሴሎች ውስጥ ያለው ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይመናመናል። ደም ውስጥ ያለው ግን ደህና ሊመስል ይችላል። ድንገት ስኳር ሲመጣ ኢንሱሊን ይነቃና ስኳሩን ወደ ሴል ሲያስገባ የቀሩትን ማዕድናትም አብሮ ይጎትታል። ደሙ ባዶ ይቀራል፤ ልብ የምትመታው ግን በእነሱ ነው። ስኳሩን ለማቃጠል ቢ1 ያልቃል። ኩላሊት ጨው መያዝ ስለሚጀምር እግር ያብጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእስር ካምፕ ከወጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ምግብ ካገኙ በኋላ የሞቱት በዚህ ነው። እኔ ላይ ደግሞ ብርዝ ሲጨመር፣ ግሉኮስ ሲጨመር አስቡት።

ከአራት ቀን በኋላ ወጣሁ። የመውጫ ወረቀቴ ላይ ምን ተጽፏል? «በደንብ ይመገቡ»። አስቀምጬዋለሁ።

ስለዚህ ወረቀቱ የሚለውን ተዉና የእኔን ስሙ። ማታ ማታ የምትቀመሰውን አትተዉ፤ አባቶች ያለምክንያት አላሏትም። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭራሽ አይሞክረው። ከአምስት ቀን በላይ ባዶ ሆዱን የቆየ ሰው ጤና ባለሙያ ሳያየው ድግስ ላይ አይቀመጥ። በእኔ ቤት ቢሆን ብርዝና ጠላ ከጠረጴዛው ይነሳሉ፤ ግማሽ ስኒ ወተት ወይም ቀጭን አጥሚት ይቀርባል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ግማሽ። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ደግሞ ቀኑን በቁጥር ተናገሩ። ስለ ኪሎውም ልንገራችሁ፤ ከጠፋው 9 ኪሎ ተኩል ውስጥ 5ቱ በሳምንት ተመለሰ። አብዛኛው ውሃ ነበር። ቦርጩ አለ።

ዘንድሮ ሱባኤ የገባው ታናሽ ወንድሜ ነው። እሱም የእኔ ወንድም ነውና መጨረሻ ላይ 5 ቀን ሽምብራዋን ትቷል። በ16 ጤና ጣቢያ አሳይቼው ቤት ስንገባ ዶሮው ቀርቧል። አነሳሁትና አጥሚት አስቀመጥኩለት። እማዬ ተቆጥታ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በ19 ዶሮ ወጥ ሠርታ ለእሱ እንቁላሉን ከነፈረሰኛው አወጣችለት። ለእኔ በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ አንዲት ጭልፋ መረቅ ጠብ አድርጋ ገፋ አደረገችልኝ።

«ለአንተ ይበቃሃል፣ ዶክተር» አለችኝ።