የሐበሻ ቀሚስ ጎኑ ላይ የሚተረተረው ለምንድን ነው?

ለእንቁጣጣሽ የተሰፋ ቀሚስ ጥምቀት ሳይደርስ ብብቱ ሥር ወይም ዚፑ ዳር ክሩ ሸሽቶ ሲገኝ ጥፋቱ ሸማኔው ላይ ይላከካል። «ጨርቁ ስስ ነበር» ይባላል። ፈትል ግን ድሮም ስስ ነበር። የተለወጠው ቅዱ ነው።

አያቶቻችን የለበሱት ቀሚስ ሰፊ ነበር። ጨርቁ በአብዛኛው በቀጥታ እየተቆረጠ ይገጣጠማል፤ ወገቡን የሚያበጀው ስፌት ሳይሆን ደጋግሞ የሚዞረው መቀነት ነው፤ የመቀነቱ ጫፍ ደግሞ ገንዘብ መቋጠሪያ ነበር። ጌጡ የእጅ ጥልፍ ሲሆን አንገት ዙሪያ፣ ደረት ላይ መስቀል ሠርቶ እና እጅጌ ጫፍ ላይ ያርፋል። ይህ ለውበት ብቻ አልነበረም። አንገትና እጅጌ ቀድመው የሚቀደዱ ቦታዎች ስለሆኑ ጥቅጥቅ ያለው ጥልፍ ያጠነክራቸዋል። ልብሱ የትም ቦታ ሰውነት ላይ ስለማይወጠር ስፌቱ አይጨነቅም።

ዛሬ የምናሰፋው ከደረት እስከ ዳሌ ልክክ ያለ፣ ጀርባው ላይ ዚፕ ያለው ቀሚስ ነው። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ድርና ማጉ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ ተጠቅጥቆ አልተያያዘም። ስንቀመጥ ስፌቱ ሲጎተት ክሩ አይበጠስም፣ ይንሸራተታል። ያ ነው ጎን ላይ እንደ ወንፊት የሚታየው። ጠባብ ቅድ አልጠላም፣ ያምራል፤ ግን ጨርቁ የማይችለውን ጭነት ሌላ ነገር ሊሸከምለት ይገባል።

የሚሸከመው ገበሩ ነው። ገበሩ ከላዩ ጨርቅ በዙሪያው 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ጠበብ ካለ ውጥረቱ እሱ ላይ ይቀራል፤ ብዙ ልክ ሰፊዎች ሁለቱን እኩል ይቆርጡና ጥቅሙን ያጠፉታል። ለጎን ስፌት ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አስቀሩ፤ ጠርዙም ከመገጣጠሙ በፊት ይዘምዘም። ዚፑ የሚሰፋበት መስመር ላይ ስስ ማጠንከሪያ ጨርቅ ካልተለጠፈ ዚፑ ራሱ ጨርቁን ይዞት ይወጣል። ደረትና ዳሌ ላይ ከሰውነት ልክ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ጠይቁ። ስትለኩት ደግሞ ቆማችሁ መስታወት በማየት ብቻ አትመለሱ፦ ተቀመጡ፣ ሁለቱንም ክንድ አንሡ፣ ትከሻችሁን እንደ እስክስታ ነቅነቅ አድርጉ። ሠርግ ላይ የሚፈነዳ ብብት እዚያው ልክ ሰፊው ቤት ይታወቃል።

ከመቆረጡ በፊት ጨርቁ ውኃ ይንካው። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይኮማተራል፤ በተለይ በቁመቱ፣ ምክንያቱም ድሩ ሽመና ላይ ተወጥሮ የቆየ ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ወስዳችሁ ጥበቡን ፈተግ አድርጉት። ቀለም ከለቀቀ ሳይዘፈዘፍ በቀዝቃዛ ውኃ ውኃው እስኪጠራ እየለቀለቃችሁ፣ ሳታጥፉ ጥላ ላይ አስጡት።

ቁመት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥበቡ ታች ጠርዝ ላይ ተሸምኖ የሚመጣ ስለሆነ ቀሚሱ ረዘመ ተብሎ ከታች አይቆረጥም፤ ማሳጠር ያለው ከወገብ ነው፣ ያ ማለት ቀሚሱን እንደገና መስፋት ነው። ስለዚህ ጫማው ከቀሚሱ ይቀድማል። ቀድሞ ብዙ ሴት በባዶ እግር ወይም በነጠላ ጫማ ስለምትሄድ ቁመቱ የሚለካው ከመሬት ነበር። ዛሬ 8 ሴንቲ ሜትር ተረከዝ የምታደርግ ሴት ያንኑ ጫማ ይዛ ትለካ፤ ጠርዙ ከመሬት 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይበቃል። ማታ ተረከዙ አድክሟት ወደ ዝቅተኛ ጫማ የምትቀይር ከሆነ ግን የሚለካው በዝቅተኛው ነው፣ አለዚያ ጥበቡን እየረገጠች ትውላለች። ሹል ተረከዝ የነጠላ ዘርፍ ይይዛል፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አፈር ውስጥም ይሰምጣል፤ ወፍራም ተረከዝ ይሻላል። በነጭ ፈትል ላይ ኮንጎ ጫማ የሚያደርጉ ልጆች አሉ፤ ያምርባቸዋል።

ሽሮ ሜዳም ሆነ ሌላ ገበያ በእጅ ከተሸመነው ጎን ጥበቡ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ይሰቀላል። ገልብጣችሁ እዩት። የታተመው ጀርባው ፈዞ ይታያል፤ የተሸመነው ግን ጀርባው ላይም ክሩ ይገኛል። ከተጠራጠራችሁ ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ኳስ ይሠራል። የታተመውን መግዛት ነውር የለውም፤ በፈትል ዋጋ መግዛት ግን ኪሳራ ነው።

ነጠላውን ከቀሚሱ ጋር አብራችሁ እዘዙ። ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም፤ ለብቻ የተገዛ ነጠላ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ልዩነቱ ይታያል። ለለቅሶ ግን ጠባብ፣ ደብዘዝ ያለ ጥለት ያለው ሌላ ነጠላ ይኑራችሁ፤ ተዘቅዝቆ ሲለበስ ጥለቱ ፊት አጠገብ ይመጣል።

እጥበት በእጅ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በትንሽ ሳሙና ይሁን። በረኪና ጥጡን ይበላዋል፣ የጥበቡንም ቀለም ይነጥቀዋል። አትጭመቁት፤ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጫን ጫን አድርጉት። የሚያብረቀርቀው ክር ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ የጋለ ካውያ ያቀልጠዋል፤ ገልብጣችሁ ስስ ጨርቅ ደርባችሁ ተኩሱት። ስታስቀምጡት ላስቲክ ውስጥ አታፍኑት፤ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉትና በየጥቂት ወሩ የእጥፋቱን መስመር ቀይሩለት፤ በአንድ መስመር የታጠፈ ፈትል ከዚያው መስመር ይሳሳል።