የባርኬታዬ ሰባተኛ ወር፦ ሦስት የተቀደዱ ፓራፋንጎዎች

ሦስተኛው ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው የቦዲው ላሜራ) ቅዳሜ ከሰዓት ተቀደደ። ስንጥቁ መጀመሪያ ፀጉር አያክልም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ልምታውና ይበቃኛል አልኩ። ያቺ አንዲት ምት ናት ጉድ የሠራችኝ። ከመብራቱ ቀዳዳ እስከ ጎማው ቅስት ድረስ ተተረተረ። መዶሻውን አስቀምጬ ሻይ አፈላሁ።

አዲስ ለተቀላቀላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከመስከረም ጀምሮ የድሮዋን የጣልያን የውድድር መኪና፣ የፌራሪ 166 ኤምኤም ባርኬታን፣ በአንድ አሥረኛ መጠን እየሠራሁ ነው። ከካርቶን ወጥታ የምትገጣጠም ሞዴል አይደለችም፤ ከአልሙኒየም ላሜራ በእጅ እየተቀጠቀጠች ነው የምትወጣው። የእውነተኛዋ የፊትና የኋላ ጎማ መሃል 2200 ሚሊ ሜትር ይርቃል። የእኔዋ 22 ሴንቲ ሜትር ናት፤ እንጀራ ምጣድ ላይ ትዞራለች። ስጀምር በሦስት ወር እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ።

ባለፈው ብዙዎቻችሁ “ከዚያ ሁሉ መኪና ለምን ይቺን?” ብላችሁኛል። ባርኬታ በ1948 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በቱሪን የመኪና ትርዒት ላይ ነው የታየችው። ፌራሪ ያኔ ገና ትንሽ ፋብሪካ ነው። በስሙ የተጠራችው የመጀመሪያዋ መኪና፣ 125 ኤስ፣ ለውድድር ከወጣች ዓመት ከመንፈቅ እንኳ በቅጡ አልሞላትም። ቦዲውን የሠራው ቱሪንግ የተባለው የሚላን ቤት ነው። ጣሪያ የላትም፤ ጎኗ ክብ፣ ጫፏ ወደ ውስጥ የታጠፈ። ትንሽ ጀልባ ትመስላለች፤ “ባርኬታ” ማለትም በጣልያንኛ ትንሽ ጀልባ ማለት ነው። በ1949 ሚሌ ሚሊያ የተባለውን የጣልያን የመንገድ ውድድር በክሌሜንቴ ቢዮንዴቲ እጅ አሸነፈች። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ከጦርነቱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደውን የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድርም ወሰደች። ሌ ማን ላይ ሁለት ሾፌር ነበራት፣ ሉዊጂ ኪኔቲና ሎርድ ሴልስደን። ከ24ቱ ሰዓት ከ22 በላይ የሆነውን የነዳው ኪኔቲ ነው። እኔ ሐዋሳ ደርሼ ስመለስ ወገቤን ይዤ ነው የምወርደው።

እውነቱን ለመናገር ግን የመረጥኳት በታሪኳ አይደለም። ቦዲዋ ላይ ሹል ማዕዘን የለም ማለት ይቻላል፤ ለጀማሪ ይቀላል ብዬ ነው። ተሳስቼ ኖሯል። ጠፍጣፋ ነገር ማጠፍ ነው የሚቀለው። በሁለት አቅጣጫ የሚጎብጥ ነገር ላሜራው አንድ ቦታ እንዲለጠጥ፣ ሌላ ቦታ እንዲሰበሰብ ይፈልጋል። ያ ደግሞ በመዶሻ ብቻ ነው የሚመጣው።

ሦስተኛው ከተቀደደ በኋላ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሰፈራችን ጋራዥ ያሉት ጋሼ ጋ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የተጋጨ መኪና ሲያቃኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ቁራጩን ተቀብለው በጣታቸው አንኳኩት።

“ይሄ እኮ ደርቋል። ስንት ጊዜ አሞቅኸው?”

“ማሞቅ ማለት?”

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። “አንተ ልጅ፣ ላሜራውን ገድለኸው ነው ያመጣኸው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። አልሙኒየም ሲመታ ይጠነክራል። በተመታ ቁጥር መለጠጡን ይተውና መሰንጠቅ ይጀምራል። ስለዚህ በየመሃሉ እሳት አሳይቶ ማለስለስ ግድ ነው። ችግሩ አልሙኒየም እንደ ብረት ቀልቶ “ደረስኩ” አይልህም። ትንሽ ካለፈ እጅህ ላይ ይቀልጣል። ጋሼ ከእጅ መታጠቢያው ላይ ደረቅ ሳሙና አነሱና ላሜራው ላይ እንደ ጠመኔ አሰመሩበት። ከዚያ በጋዙ ነበልባል ከሥሩ ቀስ እያሉ አሞቁት። የሳሙናው መስመር መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡኒ፣ ከዚያ ጠቆረ። ልክ ሲጠቁር እሳቱን አራቁ። ሲቀዘቅዝ ያ ግትር ቁራጭ በአውራ ጣቴ ተጣጠፈልኝ። ሰባት ወር ሙሉ የጎደለኝ አንድ ቁራጭ ሳሙና ነው።

ላሜራውን የገዛሁት ምናለሽ ተራ ነው። የሸጠልኝ ሰው “ለስላሳው ነው” ብሎ ምሎልኝ ነበር። ጋሼ ግን ገና ሲነኩት የጠንካራው ዓይነት መሆኑን አወቁ። አሁን የያዝኩት ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በእጅ ሲታጠፍ የማይመልስ ነው። ለመግዛት ስትሄዱ ጥጉን አጠፍ አድርጋችሁ ሞክሩት። ተመልሶ ከተፈናጠረ ተዉት።

ከጋሼ ጋር ስናወራ ሌላም ነገር በራልኝ። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ስለነዚህ መኪናዎች የማነበውን ግማሹን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር። ኮፋኖ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)፣ ጎማ፤ ጋራዦቻችን ውስጥ የቀሩ የጣልያንኛ ቃሎች ናቸው። “ቴስታ ሮሳ” የሚለውን የፌራሪ ስም ለዓመታት የሆነች ሴት ስም ይመስለኝ ነበር። ቀይ ራስ ማለት ነው። የቴስታታው ክዳን ቀይ ስለተቀባ የወጣ ስም ነው፤ በጋራዥ አማርኛ “ቀይ ቴስታታ” በሉት። ቦዲ ቀጥቃጩን ጣልያን አገር፣ ሞዴና ከተማ ውስጥ ባቲላስትራ ይሉታል። እኛ ባትላሜራ እንላለን። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው ብዙም አልተደነቁም። “ታዲያ ከማን የተማርነው መሰለህ?” አሉኝ።

ባሌስትራማ (መኪናውን የሚሸከመው ድርብርብ የብረት ስፕሪንግ) ጉድ ነው። 166 ኤምኤም ከኋላ ሁለት ባሌስትራ አላት። ከፊት ደግሞ አንድ ባሌስትራ በአግድም ተኝቶላታል። ሌ ማንን ያሸነፈች መኪና እንደ አይሱዙ በባሌስትራ ነው የሄደችው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ፤ ባለፈው ጊዜ አንዱ “166 ምንድን ነው? የፈረስ ጉልበት ነው?” ብሎ ጠይቆኝ አድበስብሼ አልፌው ነበር። ይቅርታ፣ ያኔ አልገባኝም ነበር። የፈረስ ጉልበቷ 140 ነው። 166 የአንዱ ሲሊንደር (ፒስቶኑ የሚመላለስበት የሞተሩ ቀዳዳ) መጠን ነው፣ በሴንቲ ሜትር ኩብ። ሞተሩ ጆአኪኖ ኮሎምቦ የነደፈው ባለ 12 ሲሊንደር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር፣ ፒስቶኑ የሚመላለስበት ርቀት 58.8። ደብተር ላይ አሰላሁት፦ 3 ሲባዛ በ3፣ ሲባዛ በ3.14፣ ሲባዛ በ5.88። 166 ከምናምን መጣ። በ12 ሲባዛ ሁለት ሊትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ 1995። እንዲህ አይነት ሒሳብ በትምህርት ቤት ቢሰጠኝ ኖሮ ማትስ ባልጠላሁ። ስፋቱ ከርቀቱ መብለጡንም ልብ በሉ። ፒስቶኑ አጭር መንገድ ስለሚሄድ ሞተሩ በደቂቃ ብዙ ዙር መዞር ይችላል። 140ውን ጉልበት የሚሰጠው በ6600 ዙር ላይ ነው።

125 ኤስም በዚሁ ስሌት ነው፤ 125 በ12፣ አንድ ሊትር ተኩል። አልቤርቶ አስካሪ በ1952 እና በ1953 የዓለም ሻምፒዮን የሆነባት ፌራሪ 500 ግን ሲሊንደሯ አራት ብቻ ነው። ስለዚህ 500 ሲባል ሁለት ሊትር ናት።

ተመቻችቼ ሳለሁ ሌላዋ የጣልያን የውድድር መኪና፣ ማዜራቲ 250ኤፍ፣ መጣችብኝ። በፌራሪው ስሌት ስድስት ሲሊንደር በ250 አንድ ሊትር ተኩል ይሆናል፤ መኪናዋ ግን ሁለት ሊትር ተኩል ናት። ሁለት ቀን ተጨነቅኩ። ማዜራቲ 250 ያለው የሞተሩን ጠቅላላ መጠን ነው (2500 አንድ ዜሮ ሲቀነስለት)፣ ኤፍ ደግሞ ፎርሙላ። አልፋ ሮሜዮ 158 ጭራሽ ሌላ ነው። አንድ ነጥብ አምስት ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደር፤ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ለጥፈውት ነው። ፌራሪም ራሱ ቆይቶ ሕጉን አፍርሷል። ማይክ ሃውቶርን በ1958 ሻምፒዮን የሆነባት 246 ሁለት ነጥብ አራት ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ማለት ነው። እንግዲህ 250 የሚል ስታዩ መጀመሪያ የማን እንደሆነች ጠይቁ።

ወደ ሥራው ልመለስ። ቱሪንግ “ሱፐርሌጄራ” የሚለው አሠራር አለው፣ እጅግ ቀላል ማለት ነው። መጀመሪያ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ተበይደው የመኪናዋን ቅርጽ እንደ ዘንቢል አጽም ይሠራሉ። የአልሙኒየሙ ላሜራ ከላይ ይለብስና ጠርዙ በቱቦዎቹ ላይ ይጠቀለላል። የመኪናዋ ክብደት ወደ 650 ኪሎ የወረደው አንዱ በዚህ ነው። እኔ በቱቦ ፋንታ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ተጠቅሜያለሁ። ቅርጹን ለማስተካከል ደግሞ ከዋንዛ የጠረብኩት እንጨት አለ፤ ላሜራው በአሸዋ ከረጢት ላይ ይቀጠቀጥና እንጨቱ ላይ እየተለካ ይታያል። የማይገጥምበትን በከሰል ምልክት አደርጋለሁ፣ እመልሳለሁ፣ እመታለሁ። ለአንድ ፓራፋንጎ ይሄ ዙር ሠላሳ አርባ ጊዜ ይሆናል። ጎረቤቴ ግድግዳ መምታት ጀምራለች፣ ትክክል ናት።

አራተኛው ፓራፋንጎ ወጣ! አራት ጊዜ በሳሙና አለስልሼው፣ ምንም ሳይቀደድ። ግራው ነው። ደስ ብሎኝ ቀድሞ ከወጣው ከቀኙ ጎን አስቀመጥኩትና በካሊፐር (በትንሿ መለኪያ) ለካሁ። ግራው በሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። በእውነተኛዋ መኪና መጠን ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ትንሽ አይደለም። የዚያ ዘመን መኪናዎች በእጅ ስለተቀጠቀጡ ግራና ቀኛቸው ልክ እኩል እንዳልነበር አንብቤያለሁ፤ ይሄን ሰበብ ለማድረግ በጣም ፈትኖኛል። ለጋሼ ነገርኳቸው። ዞር ዞር እያደረጉ አዩና “ሁለቱን ጎን ባንዴ የሚያይ ማን አለ?” አሉ። ቀጥለው ግን “እኔ ብሆን አፈርሰዋለሁ” አሉ።

ስለ ቀለሙ ገና አልቆረጥኩም። ቀይ የጣልያን የውድድር ቀለም ስለሆነ ሁሉም ቀይ ነው የሚጠብቀው። ነገር ግን የፊያት ፋብሪካ ባለቤቶች ቤተሰብ የሆነው ጃኒ አኜሊ የራሱን ባርኬታ ሰማያዊና አረንጓዴ አስቀብቶ ነበር፤ ፎቶዋን ካየሁ ወዲህ ቀዩ አልመጣልኝ አለ። በአኜሊ ቀለም ከቀባኋት ቁጥር አልለጥፍባትም። ቀይ ካደረግኳት ግን ጎኗ ላይ 624 ይጻፋል። ሚሌ ሚሊያ ላይ ቁጥሩ መኪናዋ ውድድሩ ከሚጀመርበት ከተማ፣ ከብሬሻ፣ የተነሳችበት ሰዓት ነበር። ቢዮንዴቲ በ1949 የተነሳው በነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 6፡24 ላይ ነበር። በእኛ ሰዓት ቢሆን 1224 ይጻፍ ነበር፤ ለፓራፋንጎም አይበቃም።

በሚቀጥለው ወር ግራውን አፍርሼ እንደገና እጀምራለሁ፣ ከዚያ ኮፋኖው። ጋሼ ትንሿን መዶሻቸውን ሊያውሱኝ ቃል ገብተዋል። ከዋንዛው ሁለት ጉማጅ ተርፎኛል፤ ቅርጽ ለመጥረብ የሚፈልግ ካለ ይንገረኝ። እናንተ አልሙኒየም የምትሠሩ ደግሞ፣ ጠርዙን ሽቦው ላይ ስትጠቀልሉ ጥጉ ጋ ሲጨማደድ ምን ታደርጋላችሁ? መቁረጥ ነው ወይስ እየመቱ መሰብሰብ?