«አትቃም መቼ አልሽኝ?»

እሑድ ነበር። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ አቅም ለሌላቸው ልጆችና አረጋውያን በነጻ ጥርስ እያከምን ነው። ወንበሩ የፕላስቲክ፣ መብራቱ ግንባሬ ላይ ያሰርኩት ባትሪ። ሙቀቱን የድሬ ሰው ያውቀዋል፤ ጓንት ሲወልቅ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

ረፋዱ ያለቀው ከልጆቹ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። እውነቱን ለመናገር ጭቅጭቁ ከእናቶቹ ጋር ነው። በ6 ዓመት ገደማ ከኋላ የሚበቅለው መንጋጋ ቋሚ ጥርስ ነው፤ ግን ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ብቅ ስለሚል «የወተት ነው፣ ንቀይውና ይገላገል» ይሉኛል።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ «ቦንዡር ዶክተር» ብለው ነው የተቀመጡት። ግፊታቸው ሲለካ ደህና ነው። የተቦረቦረ የታች መንጋጋ ነቀልኩላቸውና እንደ ልማዴ ምክሩን አንበለበልኩት፦ ጎዙን (የቁስል ጨርቁን) ግማሽ ሰዓት ነክሰው ይያዙ፣ ዛሬ አይጉመጥመጡ፣ ትኩስ ነገር አይጠጡ፣ በዚያ በኩል አያላምጡ። «እሺ ልጄ» ብለው፣ መርቀውኝ ሄዱ።

10 ሰዓት ላይ ዕቃ ስንሰበስብ በባጃጅ ተመለሱ። ሽርጣቸው ደም ነክቶታል። አፋቸውን ሳስከፍት ጉድጓዱ አረንጓዴ ነው። ጫት!

«አባባ፣ አያላምጡ አላልኩም?»

«አታላምጥ አልሽኝ እንጂ አትቃም መቼ አልሽኝ?»

እውነታቸውን ነው። ጫት ይቃማል እንጂ ማን ያላምጠዋል? እዚሁ ድሬ ተቀምጬ፣ ከምሳ በኋላ የከተማው ግማሽ በርጫ ላይ እንደሚሆን እያወቅኩ፣ ቃሉን ከአፌ አላወጣሁትም። ጥርስ የወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ደም ረግቶ መቆየት አለበት፤ የረጋው ከተነሳ ወይ መድማቱን ይቀጥላል፣ ወይ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ አጥንቱ ተራቁቶ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ይመጣል። ቅጠሉን በሳላይን (በጨው ውሃ) አጥቤ አወጣሁ፣ ሁለት ቦታ ሰፋሁ፣ አዲስ ጎዝ አስነክሼ ግማሽ ሰዓቱን አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ሰዓቱን እኔ ነኝ የያዝኩት።

አሁን ሳልነቅል በፊት በቀጥታ እጠይቃለሁ፦ «ዛሬ በርጫው ስንት ሰዓት ነው?» ብዙዎቹ ይስቃሉ። ባለፈው አንዲት አሮጊት ማደንዘዣውን ልወጋ ስል «እማማ፣ ዛሬና ነገ መቃም የለም» ብላቸው፣ «እንግዲያው ቅሜ ልምጣ» ብለው ከወንበሩ ተነሱ።