ሱሊቫን በሞላበት አገር የሱሊቫን ዘር ፍለጋ

የቤተሰብ ስሙን ምንጭ ፍለጋ አየርላንድ ድረስ የሚሄድ ሰው፣ ስሙ ራሱ ብዙም እንደማይረዳው አስቀድሞ ቢያውቅ ገንዘቡም ጊዜውም ይተርፍለታል። እኛ የተነሣነው በባለቤቴ እናት ወገን ያሉትን ሱሊቫኖች ፍለጋ ነበር። በ1890 አየርላንድ ውስጥ ከተመዘገቡት ሕፃናት (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 1,386ቱ መርፊ፣ 1,242ቱ ኬሊ፣ 975ቱ ሱሊቫን ነበሩ። ከሱሊቫኖቹም አብዛኞቹ የተወለዱት በደቡብ ምዕራብ ባሉት በኮርክና በኬሪ አውራጃዎች ነው። እዚያ ሄዶ «ሱሊቫኖችን እየፈለግን ነው» የሚል ሰው ፈገግታ ያገኛል እንጂ መልስ አያገኝም።

መያዝ ያለበት የታውንላንዱ ስም ነው። ታውንላንድ የሚሉት ትንሹን የመሬት ክፍልፋይ ነው፤ አንዳንዱ ጥቂት ቤት ብቻ ያለበት ጎጥ ነው። በደሴቲቱ ላይ ከ60,000 በላይ አሉ። ይህን ስም ደብሊን ሄዶ መፈለግ ድካም ነው፤ የሚገኘው ስደተኛው በገባበት አገር ነው። አሜሪካ ለገቡት፣ ከ1906 በኋላ የተሞላ የዜግነት ማመልከቻ የትውልድ ቦታን ለይቶ ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን ብዙ ጊዜ «አየርላንድ» ብሎ ያልፋል። ቦስተን ይታተም የነበረው «ፓይለት» የተባለ የካቶሊክ ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 ዘመድ የጠፋባቸው ስደተኞች የሚያወጡትን ማስታወቂያ ያትም ስለነበር፣ አጥቢያና ታውንላንድ የተጠቀሰበት ብዙ ነው። ባለቤቴ ያገኘችው የቅድመ አያቶቿ ጋብቻ በተጻፈበት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ኅዳግ ላይ ነው፦ ካሄርኪም፣ ኮርክ። ቲኬት የቆረጥነው ከዚያ በኋላ ነው።

ደብሊን ይዘንብ ነበር፤ ስለ ከተማዋ ሌላ የምለው የለኝም። ኪልዴር ጎዳና ላይ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ግን ዘሩን ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ያማክራል። የተቀበለችን ባለሙያ መጀመሪያ የነገረችን የሌለውን ነው። በሰኔ 30 ቀን 1922፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር፣ ፎር ኮርትስ በተባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ ውስጥ የነበረው የሕዝብ መዝገብ ቤት ጋየ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት አራት የሕዝብ ቆጠራዎች ከቁርጥራጭ በቀር የሉም። የ1861ና የ1871ዱን መንግሥት ራሱ አስቀድሞ አጥፍቷቸዋል፤ የ1881ና የ1891ዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ተፈጭተዋል። ስለዚህ ሙሉው ቆጠራ የሚጀምረው በ1901 ነው፤ ከዚያ የ1911ዱ አለ፤ ሁለቱም በኢንተርኔት በነፃ ይታያሉ። የ1911ዱ ያገቡ ሴቶችን ስንት ዓመት በትዳር እንደኖሩ፣ ስንት ወልደው ስንቱ በሕይወት እንዳለ ስለሚጠይቅ ለዘር ፈላጊ ወርቅ ነው።

ዕድሜ ግን አይታመንም። በ1901 ሃምሳ ስምንት የነበረ ገበሬ በ1911 ሰባ ሁለት ሆኖ ቢገኝ ሌላ ሰው ነው ብሎ መተው አይገባም። ከጥር 1909 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላውና ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የመንግሥት ጡረታ ይከፈል ነበር፤ ልደቱ ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ ዕድሜውን ወደ ላይ ከፍ ለማድረግ ብዙ አይከብደውም። ለዚህ ጡረታ ሲባል በ1841ና በ1851 ቆጠራ ላይ ስማቸው እንዲፈለግላቸው ያመለከቱ ሰዎች ቅጾች ስላልተቃጠሉ፣ ከጠፋው ቆጠራ የተቀዳ ቤተሰብ እዚያ ላይ ይገኛል።

የካቶሊኮች ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ነው። 100 ዓመት ያለፈው ልደት፣ 75 ዓመት ያለፈው ጋብቻና 50 ዓመት ያለፈው ሞት የመዝገቡ ገጽ ፎቶ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። ስለዚህ 20 ዩሮ ከፍሎ ማኅተም ያለበት ሰርተፊኬት ማውጣት ለፍርድ ቤት ካልሆነ በቀር ብክነት ነው።

ብክነት ካልን፣ ቱሪስት በሚበዛበት ጎዳና አንድ ሱቅ «የሱሊቫን ቤተሰብ ዓርማ» በእንጨት ላይ ለጥፎ 65 ዩሮ ብሎናል። የቤተሰብ ዓርማ የሚባል ነገር የለም። ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው፤ የሚወርሱትም የዚያ ሰው ልጆች ናቸው። ሻጩ ይህን ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም።

በገንዘብ የማይገኘውን ዕቃ ያገኘነው እስከ 2023 የመሬት ግምት መሥሪያ ቤት ይባል የነበረው ጋ ነው። ከ1847 እስከ 1864 ሪቻርድ ግሪፊዝ የተባለ መሐንዲስ አገሩን ሁሉ ታውንላንድ በታውንላንድ አስገምቶ፣ የያዘውን ሰው፣ ያከራየውን ባለ መሬት፣ ስፋቱንና ግምቱን አሳትሟል። ከስሙ ፊት ያለው ቁጥር ይዞታውን ያሳያል፤ ትልቁ ፊደል ይዞታው የተከፈለባቸውን ቁራሾች፣ ትንሹ ፊደል ቤቶቹን ይለያል። ኢንተርኔት ላይ አብሮ የሚታየው ካርታ ግን ብዙ ጊዜ ከግምቱ በኋላ የተሠራ ስለሆነ ቁጥሮቹ አይገጥሙም፤ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት በሰው ማሳ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። የሚያስተካክለው ከዚያ በኋላ በእጅ የተጻፈው የክለሳ መዝገብ ነው። ያዡ ሲሞት ወይም ሲሰደድ ስሙ ይሰረዝና የተተካው በላዩ ይጻፋል፤ ክለሳው በተደረገ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል፣ ዓመቱም በዚያው ቀለም በኅዳጉ ይሰፍራል። የካሄርኪሙ ገጽ ላይ ዳንኤል በቀይ ተሰርዞ ጄረማያ ተተክቷል፤ ጄረማያ በሰማያዊ ተሰርዞ ሆኖራ የምትባል መበለት ገብታለች። ከጎኗ የተመታው ማኅተም መሬቱ በመንግሥት ብድር ከባለ መሬቱ ተገዝቶ የቤተሰቡ ንብረት መሆኑን ያመለክታል። ከስልክ ፎቶ ይልቅ የቀለም ቅጂ ማስነሣት ይሻላል፤ ጥቁርና ነጭ ቅጂ ላይ ቀለማቱ ስለማይለዩ ዓመቶቹ ይደባለቃሉ።

መኪና የተከራየነው ከደብሊን ነው። ባንኮኒው ላይ የቆመው ልጅ ከዋጋው እኩል የሚሆን ኢንሹራንስ ጨመረብን። የክሬዲት ካርዳችን መድን አየርላንድን ይሸፍናል ብንለው ደብዳቤ አምጡ አለን፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ከባንክ አስቀድሞ አጽፎ መያዝ ነው። ማርሹ በእጅ ነው፤ መንገዱ በግራ ነው።

በኤም 8 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ሲነዳ፣ ካሂር ከተማ አጠገብ ኖክግራፎን የሚባል ሰው ሠራሽ ጉብታ አለ። ከእንግሊዝ በኩል የመጡት ወራሪዎች፣ ኖርማኖች፣ በ1192 የሠሩት ነው። ከዚያ በፊት ቲፐሬሪ ውስጥ ያለው ይህ ለም ሜዳ የኦሱሊቫኖች ነበር። ኖርማኖች ሲገፏቸው ወደ ምዕራብ፣ ድንጋይና ባሕር ወደበዛበት ወረዱ፤ ትልቁ ቅርንጫፍ ኬንሜር አጠገብ ደንኬሮን ላይ፣ ሁለተኛው ቤራ ልሳነ ምድር ላይ ደንቦይ ላይ ተተከለ። ጉብታው ላይ ላም ይግጣል። ከላይ የሚታየውን ሣር አይቶ ወደ ቤራ የሚወርድ ሰው ምን እንደተወሰደባቸው ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

የደንቦይ ምሽግ ዛሬ የግድግዳ ጉቶ ነው። በሰኔ 1602 የእንግሊዙ አዛዥ ጆርጅ ካሩ በመድፍ አፈረሰው፤ ውስጡ ከነበሩት 143 ሰዎች ሳይገደል የቀረ የለም ለማለት ይቻላል። የምሽጉ ጌታ፣ የቤራ ኦሱሊቫኖች አለቃ ዶናል ካም ግን ሌላ ቦታ ነበር። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን 1,000 የሚሆን ሕዝብ ይዞ ከግሌንጋሪፍ ወደ ሰሜን ተነሣ፤ ሌትሪም የደረሱት 35 ናቸው። በዚህ ምክንያት «ከዶናል ካም ነው የምንወለደው» የሚል ሱሊቫን ሁሉ በጥርጣሬ ቢታይ ይሻላል፤ እሱ ስፔን ገብቶ በ1618 ማድሪድ ላይ ተገድሏል። የዛሬዎቹ ሱሊቫኖች ብዙዎቹ ቦታቸውን ሳይለቁ የቀሩት ገበሬዎች ልጆች ናቸው።

ካስልታውንቤር ዓሣ አጥማጅ ከተማ ናት። ያደርንበት ክፍል መስኮቱ ወደቡ ላይ ነው፤ ሥዕሉ ላይ ያምር ነበር። የመርከቦቹ የማቀዝቀዣ ሞተር ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም፣ ከታች ያለው መጠጥ ቤት ሰርግ ነበረው፣ የክፍሉ ዋጋ ደግሞ በሰርጉ ምክንያት ጨምሯል። እንቅልፍ እምቢ ሲል የጥምቀት መዝገቡን ከፈትን። ቤራ በመንግሥት አስተዳደር ኮርክ ትሁን እንጂ በቤተ ክርስቲያን የኬሪ ሀገረ ስብከት ናት፤ በኮርክ የሚፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል። ካሄርኪም በመንግሥት አከፋፈል ኪልካትሪን፣ በካቶሊክ አጥቢያ አይሪስ ነው። ሁለቱን ስም ጎን ለጎን ጽፎ መያዝ ነው።

መዝገቡ የላቲን ስም ይበዛበታል። ቤት ውስጥ ታይግ የሚባለው ቲሞቲ ወይም ታዴዎስ ተብሎ ይጻፋል፤ ዲርሙድ ጄረማያ ይሆናል፤ ኮነር ኮርኔሊየስ፣ ኦወን ዩጂን፣ ኖራ ሆኖራ። ጎብኔት የምትባል ልጅ አቢጌል ወይም ዲቦራ ሆና ትገኛለች። ያው ሰው በጥምቀቱ ታዴዎስ፣ በጋብቻው ቲሞቲ ሊሆን ይችላል። ከስሙ ፊት ያለው «ኦ» በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከብዙ መዝገብ ላይ ወድቆ በሃያኛው ተመልሷል፤ ሁለቱንም መፈለግ ግድ ነው። ዋናው ችግር ግን የስም አወጣጡ ነው። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም የመጠራት ልማድ ነበር። አራት ወንድማማች አንድ ጎጥ ውስጥ ካገቡ አራት ዳንኤል ሱሊቫን በጥቂት ዓመት ውስጥ ይወለዳሉ። የሚለያቸው የእናትየው የአባቷ ቤት ስምና የክርስትና አባትና እናት ስም ነው፤ እነሱን የማይገለብጥ ሰው የሌላ ሰው ዘር ይዞ ይመለሳል።

አይሪስ ላይ ያገኘነው አዛውንት ገበሬ ግን መዝገብ አላስፈለገውም። «ሱሊቫን» ስንለው «የትኞቹ?» አለ። ዳንኤል፣ ጄረማያ፣ መበለቷ ሆኖራ ብለን ስንዘረዝር ተራውን ገልብጦ ልጁን፣ አባቱን፣ አያቱን አስከትሎ ጠራና «እነዚያ ናቸው» አለ። እነሱ አካባቢ የቤተሰቡ ስም ለመንግሥት ነው፤ እርስ በርስ ሰው የሚጠራው ማይክ ዳን ቲም እየተባለ ነው፤ ማይክ የዳን ልጅ፣ ዳን የቲም ልጅ መሆኑ ነው። እኔ እስክንድር ከበደ ወልዴ ብዬ ስሜን ስነግረው ከባለቤቴ ይልቅ እኔን የገባኝ መሰለው፤ ልክ ነበር። ዘራችንን በአባት ስም የምንቆጥር ሰዎች፣ ሺህ ዓመት ያልተለወጠ የቤተሰብ ስም ማንን ከማን እንደሚለይ ሁልጊዜ ግራ ይገባናል።

ቦታውን ያሳየን ራሱ ነው። ጣሪያ የለውም፤ የምድጃው ድንጋይ አለ፤ በሩ አጠገብ የሐረግ አበባ በዝቷል። በክለሳ መዝገቡ ላይ ያለው ትንሹ ፊደል ከዚህ ቤት ጋር መግጠሙን ከአጥሩ ቅርጽ አረጋገጥን፤ የድንጋይ አጥር ከሰው ይልቅ ቦታውን ይጠብቃል። ኪልካትሪን መቃብር ግን አልረዳንም። ድሃው ሕዝብ መቃብሩን የሚያመለክተው ባልተጻፈበት የማሳ ድንጋይ ነበር። ጽሑፍ ያለበትን ድንጋይ በጠመኔ ወይም በመላጫ ሳሙና መቀባት ድንጋዩን ይበላዋል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በመስታወት ብርሃኑን ከጎን መመለስ ይበቃል።

ከዚያ ወደ ኋላ መሄድ አልቻልንም። የአብዛኛው ገጠር የጥምቀት መዝገብ ከ1820ዎቹ አያልፍም፤ ከዚያ በፊት ያለው የባለ መሬቶች ወረቀት ነው፤ የተከራዩን ስም የሚጠራው ከስንት አንዴ ነው። ከዚያ ወዲያ «የቤራ ሱሊቫን» ከማለት የጠራ ነገር የሚሸጥ ሰው ካለ የሚሸጠው ዓርማውን ነው።

ገበሬው ለድካሙ የጠየቀው የክለሳ መዝገቡን ቅጂ ነበር፤ የእሱ አያት በዚያው ገጽ ላይ በአረንጓዴ ቀለም አሉ። ባንትሪ ላይ በቀለም አስነሥተን በፖስታ ላክንለት። አድራሻው ላይ የቤት ቁጥር የለም፤ ከ2015 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ቤት የተሰጠውን ኤርኮድ ጽፈናል፤ እሱ ከሌለ በዚያ አካባቢ ለሱሊቫን የተላከ ደብዳቤ የትኛው በር ላይ እንደሚያርፍ ፖስተኛው ብቻ ነው የሚያውቀው።